በሰው አፍ የተሰጠ ቃል

ዓለም ገና፣ ኅዳር 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰይዳ፣ ሊድስ፣ እንግሊዝ አገር

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። «ከናፍቆትዎ በስተቀር» ብዬ መጨመር ነበረብኝ፤ ግን አይቼዎት ስለማላውቅ ውሸት እንዳይሆንብኝ ተውኩት። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? አክስትም እንደዚያው ሳትሆን አትቀርም።

ራሴን ላስተዋውቅ። አክመል እባላለሁ፤ እዚህ ዓለም ገና አስፋልቱ ዳር ሱቅ ያላት የመኪያ ልጅ ነኝ። የእናቴ አባትና የእርስዎ አባት ወንድማማቾች ናቸው። አድራሻዎን የሰጠችኝ እሷ ናት። «ሰይዳ ምላሷ ስለት ነው፤ የጠየቃትን ሰው ግን ባዶ እጁን አትመልስም» ብላኛለች።

የምጽፍልዎት ለአንድ ጉዳይ ነው። ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የአበባ እርሻ በአስተርጓሚነት ተቀጥሬያለሁ። ሥራ አስኪያጁ ኮሊን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። እሱ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ እኔ ለሠራተኞቹ በአማርኛ፣ ለአካባቢው ገበሬዎች በኦሮምኛ እመልሳለሁ። ኮሌጅ እንግሊዝኛ ነው ያጠናሁት፤ በሰዋስው ማንም አይረታኝም። ሰውየው የሚናገረው ግን እኔ የተማርኩትን እንግሊዝኛ አይደለም። «ክራክ ኦን» ይላል። «አይም ናከርድ» ይላል። «ናውት» ይላል፤ ይህችን በሦስት መዝገበ ቃላት ፈልጌ አጣኋት።

ባለፈው ሳምንት የአበባ ማሸጊያው ክፍል አለቃ የሆነችው እልፍነሽ ስለ ምሳ ሰዓት ተቆጥታ ስትናገረው «ኪፕ ዩር ሄር ኦን» አላት። እኔም «ፀጉራችሁን ሸፍኑ ብሏል» ብዬ ተረጎምኩ። ስልሳ ሴቶች ወዲያው የፀጉር መረባቸውን አጠለቁ። ኮሊን ግራ ተጋብቶ አያቸው፤ ቢሆንም ደስ ያለው ይመስላል።

የሙከራ ጊዜዬ ስድስት ወር ነው። እባክዎ የእነዚህን ቃላት ፍቺ ይጻፉልኝ፤ እንዲህ ያለ አነጋገር የሚያስተምር መጽሐፍ ካለም ይጠቁሙኝ። ኢንተርኔቱ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ስለዚህ በፖስታ መጻፉን መርጫለሁ።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አክባሪዎ፣
አክመል


ሊድስ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ አክመል ልጄ። እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። እናትህን ሳም አድርግልኝ፤ ምላሴን እንዳልረሳችው ገባኝ።

የመጽሐፉን ነገር እርሳው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚጽፉት ሰዎች አውቶቡስ አይሳፈሩም። እኔ አሥራ አራት ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ የማውቀውን ያወቅሁት ከተሳፋሪና ከዴፖው የሻይ ክፍል ነው።

«ናከርድ» ማለት ድካም ገደለኝ ማለት ነው። «ክራክ ኦን» በርቱ፣ ሥራችሁን ግፉበት ነው። «ኪፕ ዩር ሄር ኦን» ደግሞ ረጋ በይ፣ አትቆጪ ማለት ነው። እልፍነሽን ይቅርታ ጠይቃት፤ ወይም ተወው፣ ፀጉር መሸፈን ማንንም አይጎዳም። «ናውት» ምንም የለም ማለት ነው። መዝገበ ቃላትህ ውስጥ ያጣኸው የዚህ አካባቢ ቃል ስለሆነ ነው። ሰውዬህ የእኔ ጎረቤት መሆኑ ነው፤ ከቤቴ ቢርቅ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎችን በየቀኑ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት አንድ ሽማግሌ ሲወርድ «ታ፣ ላቭ» አለኝ፤ «ታ» አመሰግናለሁ ነው። «ፍቅሬ» ማለቱ ነው ብዬ ክው አልኩ። ቀጥሎ የወረደውም አለኝ፤ ከሱ ቀጥሎ ያለችውም ሴት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አርባ ሰው ፍቅሬ ብሎኛል። ለባለቤቴ ብነግረው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አብሮኝ ዋለ። በሦስተኛው ቀን አንዷ አሮጊት እሱንም «ላቭ» ስትለው ጊዜ ወርዶ ወደ ሥራው ሄደ።

የእነዚህ ሰዎች ቃል ከእኛ ቃል ይቀላል። እኛ ቤት ሰው የተናገረውን ይጠየቅበታል። እዚህ ብዙው ንግግር መንገድ ማለፊያ ነው። ስለዚህ ኮሊን ሲናገር አፉን ብቻ አትስማ፤ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ተመልከት።

በዜና ስለ ኦሮሚያ እሰማለሁ። ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን ወደ እናንተ ሊያሰፋት ነው፣ ገበሬው መሬቴን ብሎ ተነስቷል ይላሉ። ሰበታንም ቡራዩንም ስማቸውን ጠርተዋቸዋል። እኔ ስሄድ ዓለም ገና በጣት የሚቆጠር ቤት ነበር። ምን ላይ ናችሁ? ጻፍልኝ።

አክስትህ ሰይዳ


ዓለም ገና፣ የካቲት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እትዬ ሰይዳ። ደብዳቤዎ ቢደርሰኝም መልሱን አዘግይቻለሁ፤ ይቅርታ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ሰነበተ። አንዳንድ ቀን ሚኒባስ ከዓለም ገና አይወጣም፤ አንዳንድ ቀን ወጥቶ ከአየር ጤና አይመለስም። በቡራዩና በሱሉልታ በኩልም እንዲሁ ነበር። የሞቱ ልጆች አሉ፤ የታሰሩም አሉ። በጥር ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ ተነገረ። ሰዎች ሰሙ፤ ማመኑን ግን ለሌላ ቀን አቆዩት። እናቴ ሱቁን አንድ መስኮት ብቻ ከፍታ ትሸጣለች።

እኔ ግን ደስ የሚል ወሬ አለኝ። የእርሻው አጥር ከብቶች ወደ ወንዙ የሚወርዱበትን መንገድ ዘግቶታል። ገበሬዎቹ በዚህ በጋ ከብቶቻቸውን ዙሪያውን ነው የሚነዱት፤ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከብት እየከሳ ነው። የጠየቁት አንዲት ትንሽ በር ነው። ባለፈው ሳምንት ኮሊን ሊያነጋግራቸው ወጣ፤ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። የተናገሩት ኦቦ ደቻሳ ናቸው፤ እርስዎም ሳያውቋቸው አይቀሩም፣ በአካባቢው የከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ቆመው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ዝናቡን መርቀው፣ ሣሩን መርቀው፣ እንግዳውን መርቀው ሩብ ሰዓት ተናገሩ።

ኮሊን ሲመልስ «ሊቭ ኢት ዊዝ ሚ፤ አይል ሲ ዋት አይ ካን ዱ» አለ። በቃ፣ ይህችው ናት። ነገሩን ለእኔ ተዉት፣ የምችለውን አያለሁ እንደማለት ነው። ኦቦ ደቻሳ መቼ ነው ብለው ጠየቁ። «ቢፎር ቱ ሎንግ» አለ፤ ብዙም ሳይቆይ።

እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። ያን ያህል የመረቀ ሽማግሌ ፊት «የምችለውን አያለሁ» ብዬ ዝም ልበል? ይህ እኮ ስድብ ነው። ደግሞም መቼ ተብሎ ተጠይቆ ቀን የማይሰጥ ሰው እንደሸሸ ይቆጠራል። እናቴ እንኳ ደንበኛ የተናገራትን ለአባቴ ስታደርስ አለዝባ፣ አስተካክላ ነው። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ተረጎምኩ፦ «ነገሩን ለእኔ ተዉልኝ፤ ቃሌን ሰጥቻችኋለሁ፤ ለፋሲካ ከብቶቻችሁ ከወንዙ ይጠጣሉ ብሏል።»

ሁሉም በአንድ ድምፅ መረቁ። ኦቦ ደቻሳ የኮሊንን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ኮሊንም ስብሰባው በሰላም በመጠናቀቁ ተደሰተና «ጉድ ጆብ፣ ሜት» አለኝ፤ ጎበዝ፣ ወዳጄ ማለቱ ነው። አሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሽማግሌዎቹ ቆመው ይጠይቁኛል፤ «አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ» ይሉኛል፤ ደህና ነህ ወይ፣ ልጄ። በሕይወቴ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም።

«ሱን አዝ» እና «ቲክ ኦቨር» ምንድን ናቸው?

አክባሪዎ፣
አክመል


ሊድስ፣ መጋቢት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ወአለይኩም ሰላም። ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ተናድጄ ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

አክመል፣ ምን አደረግህ? ሰውየው ቃል አልሰጠም። ፋሲካ መቼ እንደሚውልም አያውቅም። በሰው አፍ ቃል የሰጠኸው አንተ ነህ።

«ሊቭ ኢት ዊዝ ሚ» ምን እንደሆነ ልንገርህ። አንድ ዓመት ረመዳን በበጋ ገባብን፤ እዚህ አገር በበጋ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ማፍጠሪያ ላይ ቤቴ ልገኝ ብዬ ፈረቃዬን እንዲቀይርልኝ ተቆጣጣሪዬን ለመንኩት። «ሊቭ ኢት ዊዝ ሚ፣ ላቭ» አለኝ። ሃያ ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። ሃያ ዘጠኝ ቀን በመሪው ላይ ተደፍቼ በአንድ ቴምርና በአንድ ጠርሙስ ውሃ አፈጠርኩ። በዒድ ማግስት ሄጄ ስጠይቀው ከልቡ ገረመው። አልዋሸኝም እኮ። እምቢ ማለቱ ከብዶት ነው፤ ነገሩም እንደገባኝ ነው የቆጠረው። አንዳንዴ ደግሞ ያንኑ ቃል ብለው በነጋታው ነገሩን ጨርሰውልህ ታገኘዋለህ። ለዚህ ነው ሥራውን ተመልከት ያልኩህ።

እኔ ያን ጊዜ ያጣሁት እራቴን ነው። እነዚያ ሰዎች ግን ከብት ነው የሚያጡት፤ አገሩም ክብሪት የሚጠብቅ አገር ሆኗል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሳይመሽ ሂድ። አስቀድመህ ኮሊንን ጠይቀው። እንዲህ በለው፦ «ኢዝ ዛት ኤ የስ ኦር ኤ ኖ?» ይህን ጥያቄ አይወዱትም፤ ግን ይመልሱታል። እምቢ ካለህ ወደ ኦቦ ደቻሳ ሄደህ፣ «ያ ቃል የእሱ አልነበረም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት» በላቸው። ትዋረዳለህ። ተዋረድ።

«ሱን አዝ» ወዲያው ማለት ነው፤ እነሱ ዘንድ ግን ወዲያው ቶሎ አይደርስም። «ቲክ ኦቨር»ን ደግሞ የበሩን ነገር ስትጽፍልኝ እነግርሃለሁ።

ሰይዳ


ዓለም ገና፣ ግንቦት 19 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩና ለተወደዱ እትዬ ሰይዳ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ባሉበት አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን አሉ? ባለቤትዎስ? ልጆችዎስ? ሥራስ እንዴት ነው? እኛ በአላህ ቸርነት፣ በእርስዎም ዱዓ፣ እናቴም፣ ሱቁም፣ እኔም ፍጹም ሰላም ላይ ነን። የመጪው ረመዳን የበረካ እንዲሆንልዎ ከወዲሁ እመኛለሁ።

ኮሊን የሙከራ ጊዜዬን አሳልፎ ቋሚ አድርጎኛል። «ዩ አር ኤ ሴፍ ፔር ኦፍ ሃንድስ» አለኝ። ሙገሳ መሆኑ፣ የምትታመን ሰው ነህ እንደማለት መሆኑ ገብቶኛል፤ ትክክለኛ ፍቺውን ቢጽፉልኝ ግን ደስ ይለኛል። «ፉል ስቲም አሄድ»፣ «ባይ ዘ ቡክ» እና «ስዊንግስ ኤንድ ራውንድአባውትስ» የሚሉትንም አብረው ቢያብራሩልኝ።

ፋሲካ በሰላም አልፏል። የበሩን ጉዳይ በተመለከተ ሁኔታው እየታየ ነው። ጊዜው እስኪመቻች በትዕግሥት መጠበቁ የሚበጅ ይመስለኛል።

ሌላው፣ እዚያ የሚሰጥ አጭር የቋንቋ ሥልጠና እንዳለ ሰምቻለሁ። የግብዣ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ቢችሉ ውለታዎን አልረሳም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አክመል


ሊድስ፣ ሰኔ 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ወአለይኩም ሰላም።

ሙሉ ገጽ ጽፈህ ምንም አላልክም። እንግሊዝኛው ገብቶሃል ማለት ነው፤ ከእንግዲህ አስተማሪ አያስፈልግህም።

የግብዣ ደብዳቤውን በተመለከተ፦ ሊቭ ኢት ዊዝ ሚ። አይል ሲ ዋት አይ ካን ዱ።

አሁን ይህ ምን እንደሚል አየህ? ቢያንስ አንተ ባዶውን ነው የሰማኸው። ለኦቦ ደቻሳ ግን አስጊጠህ፣ ቀን ቆርጠህ ነው የሰጠሃቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። ከአጥሩ ወዲህ ሥራህን፣ ከአጥሩ ወዲያ ክብርህን ይዘህ መኖር ምን ያህል ቀን የሚቻል መሰለህ?

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ለኦቦ ደቻሳ ነግረሃቸዋል ወይስ አልነገርካቸውም? ሌላ ነገር አትጻፍልኝ፤ ስለ ባለቤቴ ጤናም አትጠይቀኝ።

በጾም አፌ የምናገረው ለአንተው ብዬ ነው።

ሰይዳ


ዓለም ገና፣ ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ ሰይዳ።

ነግሬያቸዋለሁ።

አስቀድሜ ኮሊንን ጠየቅሁት። እንዳሉኝ አድርጌ፣ አዎ ነው ወይስ አይደለም አልኩት። ፈገግ አለ። «ኢትስ ኤ ኖ፣ ሜት። ኢት ዎዝ ኔቨር ኦን» አለኝ። መጀመሪያም የሚሆን ነገር አልነበረም ማለቱ ነው። ባለቤቶቹ አጥር የሚነካ ነገር አይፈቅዱም አለ፤ «ያን ጊዜ ለሽማግሌው ፊት ለፊት እምቢ ማለት አሳፈረኝ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። እሱም እንደኔው አፍሮ ነው፤ ልዩነታችን እሱ አሳጠረው፣ እኔ አስረዘምኩት።

ቅዳሜ ዕለት ኦቦ ደቻሳ ቤት ሄድኩ። እንደ ባሕሉ እርጥብ ሣር ነቅዬ፣ በእጄ ይዤ ደጃፋቸው ቆምኩ። ሣር ይዞ የቆመ ሰው በዳይ መሆኑ ይታወቃል፤ ወጥተው አስገቡኝ። የእሱ ቃል አልነበረም፤ ቃሌ ነውም፣ ፋሲካም ያልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ አጎንብሼ ጠበቅሁ።

«እናውቃለን» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። «ፈረንጁ ሁለት ጊዜ ነው አፉን የከፈተው፤ ከዚያ ሁሉ ቃል የትኛው የሱ፣ የትኛው ያንተ እንደሆነ አይጠፋንም። ፋሲካንስ ከየት አምጥቶ ይናገራል? እኛ የጠበቅነው የፈረንጁን ቃል አይደለም፤ የመኪያ ልጅ ቃል ሰጥቷል ብለን ነው። እናትህ ሠላሳ ዓመት እዚህ ስትነግድ በሚዛኗ ያታለለችው ሰው የለም።»

ቀጥለው ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦ «ወጣቶቹ አጥሩን እናፍርሰው ካሉ ሰንብተዋል። በፋሲካ ሊነሱ ነበር፤ እኔ ነኝ የያዝኳቸው። ‹ልጁ ቃል ሰጥቷል፣ ትንሽ ታገሡት› እያልኩ። አሁን አንተ መጥተህ ቃል የለም ስትለኝ፣ በምን ልያዛቸው?»

ሣሩን ከእጄ ተቀብለው ይቅር አሉኝ። ይቅርታቸው ግን አላቀለለኝም።

በዚህ ሳምንት እንደገና በየከተማው ሰልፍ ነበር። ስልክ ይቆራረጣል። ይህን ደብዳቤ በሰው ነው የምልከው።

አክመል


ሊድስ፣ መስከረም 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ልጄ።

ዒድ ሙባረክ፤ አዲሱ ዓመትም የሰላም ይሁንላችሁ።

ደብዳቤህን ዴፖ ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ፈረቃ እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። አንድ ፌርማታ ሳልቆም አለፍኩ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው።

ተዋረድ ብዬ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። እውነት ተናገር ማለት ከዚህ ወንበር ላይ ሲሉት ይቀላል። እዚህ እውነት የተናገረ ሰው ቢበዛ ፈረቃ ነው የሚያጣው። የአንተ አንድ የጨመርካት ቃል አጥር ይዛ እንደቆመች እንዴት አላየሁም? ፋሲካ ካለፈ ወዲያ እንኳ እነዚያ ልጆች ለምን ዝም እንዳሉ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር። የኮሊንን አነጋገር አውቃለሁ ብዬ የኦቦ ደቻሳን ረሳሁት። አፍሬያለሁ።

ልክ ነህ ወይስ አይደለህም ብለህ ብትጠይቀኝ ልክ ነህ እልሃለሁ። ግን ፈራሁልህ። ሥራው ይቅርብህ፣ ቤትህ ተቀመጥ። ረጅም ደብዳቤም አልፈልግም። ደህና የምትል አንዲት ቃል ጽፈህ ላክልኝ።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውራችሁ።

አክስትህ ሰይዳ


ኅዳር 17 ቀን 2009 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እትዬ ሰይዳ።

ደህና። እናቴም ደህና ናት።

ቦታውን ከላይ አልጻፍኩም፤ የሽማግሌውንም ስም አልጠራም። ያውቋቸዋል። ደብዳቤው በእጅ ነው የሚደርስዎት።

ከቢሾፍቱው የኢሬቻ ሐዘን በኋላ ባለው ሳምንት አጥሩ ወረደ። በቀን ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። መጀመሪያ አጥሩን ብቻ ነበር የነቀሉት፤ ቆይቶ እሳት መጣ፤ ከየት እንደመጣ ሁሉም የየራሱን ይናገራል። አበባው የሚበቅልባቸው የፕላስቲክ ቤቶች እስከ አሥር ሰዓት ነደው አለቁ። እልፍነሽና ሦስት መቶ የሚሆኑ ሴቶች ያለ ሥራ ቀርተዋል። በማሸጊያው ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ አየኋት። እኔም ቆሜ አለቀስኩ።

ኮሊን በነጋታው አንድ ሻንጣ ይዞ ሄደ። ሲሰናበተኝ «ኢት ኢዝ ዋት ኢት ኢዝ» አለኝ። የሆነው ሆኗል ማለቱ ነው፤ ፍቺውን መጠየቅ አላስፈለገኝም። መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ስለ ሽማግሌው ጠየቀኝ። ደህና ናቸው አልኩት። ያን ዕለት ደህና ነበሩ።

አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ሽማግሌው ተወሰዱ። በአምስተኛው ቀን የወሰዷቸው ሰዎች ለማስተርጎም እኔን አስጠሩኝ። የሚጠይቃቸው ሰው ኦሮምኛ አይችልም፤ እሳቸው ደግሞ በአማርኛ ሲጠየቁ በኦሮምኛ ብቻ ይመልሳሉ። ከእናቴ ጋር ሠላሳ ዓመት በአማርኛ ዋጋ ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ «እውነት አማርኛ አይችሉም?» አለኝ። «አይችሉም» አልኩት።

የተጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ወጣቶቹን ማን ላካቸው የሚል። እሳቸውም በኦሮምኛ መለሱ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደዚያን ቀን ዋርካው ሥር፣ ሳይቸኩሉ፣ አንድም ቃል ሳይደብቁ መለሱ። ውሸት አያውቁም፤ እርጅና ላይ ሊለምዱም አልፈለጉም። የመለሱት እውነት ነበር። እውነቱ ግን ከዚያ ክፍል የሚያስወጣ አልነበረም።

ሰውየው ብዕሩን አንስቶ «ምን አሉ?» አለኝ።

እትዬ ሰይዳ፣ እርስዎ ያስተማሩኝ ሁሉ በዚያች ሰዓት ፊቴ ቆመ። አትጨምር፤ በሰው አፍ ቃል አትስጥ። በዚህ አንድ ዓመት ያስከበረኝም፣ ያዋረደኝም ያቺው አንዲት አመሌ ናት። አሰብኩ ብልዎት ውሸት ይሆናል፤ ጊዜ አልነበረም። ተረጎምኩ።

ያልኩት እሳቸው ያሉትን አልነበረም፤ ለእርስዎም አልጽፈውም። ሰውየው ጻፈው። ሽማግሌው አማርኛ የማይችሉ ሆነው መሬት መሬት እያዩ አዳመጡኝ፤ አንዲት ቃል ሳታመልጣቸው ሰሙኝ። ስጨርስ ቀና አሉ። «አይደለም» የምትል ቃል ብትወጣቸው ሁለታችንም እዚያው በቀረን ነበር። ዝም አሉ። በሕይወታቸው የዋሿት ውሸት እሷ ዝምታ ብትሆን ነው፤ እሷንም ለእኔ ብለው ይመስለኛል።

በዘጠነኛው ቀን ለቀቋቸው።

እንኳን አላህ አወጣዎት ልል ብሄድ ቤታቸው አጣኋቸው። ወንዙ ዳር ናቸው አሉኝ። አጥሩ በነበረበት በኩል አልፌ ወረድኩ። ከብቶቻቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ሰላምታዬን ተቀበሉ፤ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፤ ስለ ሱቁም ጠየቁኝ። ከዚያ በአማርኛ እንዲህ አሉኝ፦

«ያቺ እዚያ ክፍል ውስጥ የተናገርካት ቃል የማን ናት? የእኔ ናት?»

«አይደለችም» አልኩ። «የእኔ ናት።»

«እንግዲያው የፋሲካዋን ቃል ባትጠብቅ፣ ይህችን እንኳ ጠብቃት» አሉኝ።

እየጠበቅኳት ነው፣ እትዬ ሰይዳ። ይህን ደብዳቤ አንብበው ሲጨርሱ ይቅደዱት።

አክመል